አዛውንቶቹ ከሕክምና ጥናት የቀሩት ለምንድን ነው?

በሕክምና ጥናት አስተባባሪነት ስሠራ «አዛውንት ተሳታፊ ማግኘት ከባድ ነው» የሚል ቅሬታ ሰምቼ ጠግቤያለሁ። እኔም ብያለሁ፤ አልዋሽም። አንድ ቀን ግን ፕሮቶኮላችንን፣ ማለትም ጥናቱ የሚመራበትን የዕቅድ ሰነድ፣ ገልጬ ሳየው በሩን የዘጋነው ራሳችን ነበርን። «ዕድሜ ከ18 እስከ 65» ይላል። ለምን 65? የሚያውቅ የለም። ከቀድሞው ፕሮቶኮል የተገለበጠ ነው።

እናም ከዚያ ጀምሩ። የዕድሜ ጣሪያውን ሰርዙት። ይቆይ የሚል ካለ ምክንያቱን ይጻፍ። ቀጥሎ የማግለያ መስፈርቶቹን አንድ በአንድ እዩ፤ ጣሪያው ቢነሳም ዕድሜ በጓሮ በር ተመልሶ ይገባል። «ብዙ መድኃኒት የሚወስድ»፣ «የኩላሊት ችግር ያለበት» ብላችሁ ስታስወጡ የሚቀርላችሁ ጤነኛ ሰው ነው። ነገ መድኃኒቱን የሚውጠው ግን ያስወጣችሁት ሰውዬ ነው። ለደህንነት የግድ ከሆነ የኩላሊቱን ልክ በቁጥር ወስኑ እንጂ በደፈናው አትዝጉ።

«በዚህ ዕድሜ አይሆንም» ለሚላችሁ ሃይቬትን አንሱለት። ውጤቱ በ2008 እ.ኤ.አ. የታተመ የደም ግፊት ጥናት ነው። 3,845 ተሳታፊዎች ነበሩት፤ ሁሉም 80 ዓመት የሞላቸውና ከዚያ በላይ። መድኃኒቱን በወሰዱት ዘንድ ሞት በ21 በመቶ ቀንሷል። ከዚያ በፊት እኮ በዚህ ዕድሜ ግፊትን ማከም ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል የሚለው ራሱ ያከራክር ነበር።

የስምምነት ቅጹ ላይ ጊዜ ውሰዱ። አንድ አባት ወረቀቱን ከዓይናቸው አርቀው ይዘው «ገባኝ፣ ገባኝ» እያሉ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። «እስኪ እርስዎ እንደገባዎት ይንገሩኝ» አልኳቸው። «አዲስ መድኃኒት ልትሰጡኝ ነዋ!» ግማሹ ሰው የሚደርሰው መድኃኒት የሌለበት እንክብል መሆኑን አላወቁም። ፊደሉ ደቃቃ፣ አጻጻፉ የፍርድ ቤት ውል። ጥፋቱ የኛ ነበር። ፊደሉን አተልቁ፣ ዓረፍተ ነገሩን አሳጥሩ፣ ሁልጊዜ መልሰው እንዲነግሯችሁ ጠይቁ። ጆሯቸው ከከበደ አትጩሁ፤ ጩኸት ቃሉን ያዛባዋል። ፊት ለፊት ተቀምጣችሁ ረጋ ብላችሁ ተናገሩ። ልጃቸው ልመልስላቸው ቢል እናንተ ዓይናችሁን ከእሳቸው ላይ አታንሱ።

የመጓጓዣና የአጃቢ ወጪ በጀቱ ሲጻፍ ይግባ። በኋላ ማንም አይሰጣችሁም።

የቀረ ሰው ካለ ደውሉ። አንዲት እናት በሁለተኛው ቀጠሮ ቀሩብን። «ሰልችቷቸው ነው» ብለን ልንሰርዛቸው ነበር። ለካ ጠዋት የሚወስዱት የግፊት መድኃኒት ሽንት ያጣድፋቸዋል፤ መንገዱ ደግሞ ረጅም ነው። ቀጠሯቸውን ወደ ከሰዓት አዞርኩት። እስከ መጨረሻው አንድም ቀን አልቀሩ።

አንድ ነገር ልጨምር፦ የምትለኩትን ነገር ከመወሰናችሁ በፊት አዛውንቶቹን ጠይቁ። እኛ የደም ምርመራ ቁጥር ስንቆጥር እኚሁ እናት «ይሄ መድኃኒት ደረጃ ለመውጣት ያስችለኛል?» ብለው ጠየቁኝ። ለመመለስ የሚሆን አንድም መለኪያ አልነበረንም። የሚቀጥለው ፕሮቶኮል ላይ አስገብተነዋል።