እርዳታ አልቀበልም ያለኝን ሰውዬ እንዴት አስተካከልኩት

ሦስት ወር ሙሉ ያናደደኝ ገጸ ባሕርይ አለ። ጅማ ዳርቻ ቡና የሚያደርቅ ጎልማሳ ነው። ዝናብ ሲመጣ ጎረቤቱ እማማ ሸራ ይዘው ይሮጣሉ። እሱ "ይተዉት እማማ፣ አያስፈልግም" ይላል። ጀንፈሉ (ከነገለፈቱ የሚደርቀው ቡና) ይበሰብሳል። እህቴ አንብባው "ደረቅ ነው፣ የራሱ ጉዳይ" ብላ ወረቀቱን መለሰችልኝ።

መጀመሪያ አሳዛኝ ልጅነት ሰጠሁት። ባሰበት። አለቃቀሰብኝ እንጂ ሰው አልሆነም።

ነገሩ የተፈታው ውለታን ሳስብ ነው። አጎቱ አንዴ ብር አበድሮት ነበር። ብሩ ተመልሷል፤ ግን በየሰርጉ፣ በየለቅሶው "እኔ ባልኖር ኖሮ..." ይባላል። ይህን በሁለት መስመር ብቻ አስገባሁ። አሁን "አያስፈልግም" ሲል ከትዕቢቱ ይልቅ ፍርሃቱ ይሰማል።

ደግሞ ለሌላው እጁን ፈታሁለት። ጀንፈል እርጥበቱ ወደ 12 በመቶ እስኪወርድ በየጊዜው ካልተገላበጠ ይሻግታል። እሱ እማማ ገበያ ሲወጡ የእሳቸውን ተደብቆ ይገለብጣል፤ የራሱን ይረሳል። (ይህቺን በጣም ወደድኳት።)

መጨረሻው አደከመኝ። "እሺ፣ ይርዱኝ" ያለበት ረቂቅ ሁሉ ውሸት ነበር። ቃሉን አወጣሁት። እማማ አይጠይቁትም። ከአንድ ግንድ የተፈለፈለች ባለሦስት እግር በርጩማቸውን ቡናው የሚሰጣበት ማድረቂያ አልጋ ሥር አስቀምጠው የሻገተውን መልቀም ይጀምራሉ። እሱ ይንጎራደዳል፣ ጉሮሮውን ይጠርጋል።

"በዚያ በኩል ያለው አላለቀም" ይላቸዋል።