የቫዞ ቁጥቋጦ ቅርጹ ሲበላሽ፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

የቫዞ ቁጥቋጦ ቅርጹ ሲበላሽ ብዙ ሰው ቶሎ ብሎ መቀስ ያነሳል። ከመቀሱ በፊት ግን ሁለት ነገር እዩ። ብርሃኑ ከየት በኩል ነው የሚመጣው? ሥሩስ ምን ያህል አፈር ቀረው? መሬት ላይ የተተከለ ተክል ቢቸግረው ሥሩን ወደፈለገበት ይሰዳል። የቫዞው ግን ያለችው አፈር ያችው ናት። ላይ ላዩን የምናየው ብዙ ችግር የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ከላይ ጥቅጥቅ፣ ከታች ራቁት

ከሁሉም በላይ የሚያጋጥመው ይሄ ነው። ከላይ ሲያዩት ለምለም ነው፤ ጎንበስ ብለው ሲያዩት እግሩ ባዶ እንጨት ሆኗል።

የቅርንጫፍ ጫፍ ኦክሲን የሚባል ሆርሞን ወደ ታች ይልካል። ይህ ሆርሞን ከታች ያሉት አንጓዎች እንዳያቆጠቁጡ ይይዛቸዋል። ጫፉ ሲቆረጥ ግን ይለቃቸዋል፤ ከተቆረጠው ቦታ ዝቅ ብለው ያሉት ሁለት ሦስት አንጓዎች ቅርንጫፍ ያወጣሉ። ታዲያ ሁልጊዜ በአንድ ከፍታ ላይ ጫፍ ጫፉን ብቻ ከከረከምን፣ አዲሱ ቅጠል በሙሉ እዚያው ላይ ይከማቻል። እንደ ጣሪያ ሆኖ ብርሃን ይከለክላል። ጥላ የዋለበት የታችኛው ቅጠል ደግሞ ይረግፋል።

ስለዚህ ጫፍ መከርከሙን ለጊዜው ተዉት። ከቅርንጫፎቹ አንድ ሦስተኛ ያህሉን መርጣችሁ ዝቅ አድርጋችሁ ቁረጡ፤ አንዱን ከግማሹ ላይ፣ ሌላውን ከዚያም በታች። የቀሩትን አትንኩ፤ ተክሉን የሚመግቡት እነሱ ናቸው። የተቆረጡት አቆጥቁጠው ቅጠላቸው ሲጠነክር ወደሚቀጥለው ሦስተኛ እለፉ። ቅርጽ ስታወጡም ታቹን ሰፋ፣ ላዩን ጠበብ አድርጉት። ክብም ይሁን ባለ አራት ማዕዘን፣ ታችኛው ቅጠል ፀሐይ የሚያገኘው በዚህ ነው።

አንድ ነገር ግን አደራ። ጥድና የፈረንጅ ጥድ ቅጠል ከሌለው አሮጌ እንጨት ላይ መልሰው አያቆጠቁጡም። እነሱን አረንጓዴው እስካለበት ድረስ ብቻ ነው የሚነኩት። ከዚያ ካለፋችሁ ክፍተቱ እዚያው ይቀራል።

የተቆረጠው ጫፍ ደርቆ ጠቁሯል

ከአንጓው በጣም ርቃችሁ ቆርጣችኋል ማለት ነው። ከአንጓው በላይ የቀረው ጉቶ የሚመግበው ቅጠል የለውም፤ ይሞታል። አንዳንዴ ሞቱ ወደ ታችም ይወርዳል።

አንድ የጽጌረዳ ቅርንጫፍ ይዛችሁ ጠጋ ብላችሁ እዩት። ቅጠሉ ከግንዱ የሚነሳበት ቦታ ላይ ትንሽ እብጠት አለች፤ አዲሱ ቅርንጫፍ የሚወጣው ከእሷ ነው። ፊቷ ወደ ውጭ የዞረችውን ምረጡ። ከእሷ በላይ 5 ሚሊ ሜትር ያህል ትታችሁ፣ ውሃ በእሷ ላይ እንዳይፈስ ወደ ጀርባዋ ትንሽ ሰያፍ አድርጋችሁ ቁረጡ። የደረቀውን ጉቶ ስታነሱም ውስጡ ነጭ ወይም አረንጓዴ ሆኖ እርጥበት እስኪታይ ድረስ ዝቅ በሉ። ቡናማ ከሆነ ገና ነው።

ቁስሉ የተጨፈለቀ ከመሰለ ጥፋቱ የመቀሱ ነው፤ ይሳል። ስለቱን በተክሉ ላይ ወደሚቀረው በኩል አድርጋችሁ ያዙት። ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው ስታልፉ በ70 በመቶ አልኮል ጥረጉት፤ በሽታ የሚዛመተው በዚሁ መቀስ ነው። ቁስሉን ቀለም መቀባት አያስፈልግም። ፋይከስ ወይም ኦሊያንደር ስትቆርጡ ጓንት አድርጉ። የፋይከስ ነጭ ፈሳሽ ቆዳ ያሳክካል። ኦሊያንደር ደግሞ መርዛማ ነው፤ ቁራጩን ልጆችና እንስሳት አጠገብ አትተዉ፣ አታቃጥሉትም።

ወደ አንድ ጎን አጋድሏል

ብርሃኑን ፍለጋ ነው። የረዘመውን ጎን ብቻ ብትቆርጡ ተመልሶ ያው ይሆናል። በየሳምንቱ ቫዞውን ሩብ ዙር አዙሩት። ቅርጽ ማስተካከሉን ከዚያ በኋላ አድርጉት።

ቅጠሉ ያምራል፣ አበባ ግን የለም

አብዛኛውን ጊዜ አበባውን የቆረጥነው ራሳችን ነን። ትልልቅ ክብ አበባ የሚያወጣው ሃይድሬንጃ፣ አዛሊያና ጋርዴኒያ የሚቀጥለውን አበባ እምቡጥ ቀደም ብሎ ባደገው ቅርንጫፍ ላይ ያዘጋጃሉ። እነዚህ የሚቆረጡት አበባቸው እንደረገፈ ወዲያው ነው። ከቆያችሁ እምቡጡን አብራችሁ ትጥሉታላችሁ። ሂቢስከስ፣ ቦገንቪሊያና ብዙው ጽጌረዳ ግን አዲስ በወጣው ቀንበጥ ላይ ያብባሉ፤ መቆረጥን ይወዳሉ። ነገር ግን ለቅርጽ ብላችሁ በየሳምንቱ ከከረከማችኋቸው ቀንበጡ ሳይደርስ ይቀራል። አንዴ ቆርጣችሁ እስኪያብቡ ታገሱ። ናይትሮጅን የበዛበት ማዳበሪያም ቅጠል ብቻ ያስገኛል።

ከተቆረጠ በኋላ አላቆጠቆጠም፣ ቅጠሉም ቢጫ ሆነ

መጀመሪያ ጣታችሁን አፈሩ ውስጥ ክተቱ። ቅጠሉ ሲቀንስ ተክሉ የሚጠጣው ውሃም ይቀንሳል። እንደ ድሮው ካጠጣችሁት ሥሩ ይበሰብሳል። የላይኛው አፈር ሳይደርቅ ውሃ አትጨምሩ።

አፈሩ ካልረጠበ፣ ውሃውም እንደፈሰሰ በታች ቶሎ የሚወጣ ከሆነ ተክሉን ከቫዞው አውጡት። ሥሩ የቫዞውን ቅርጽ ይዞ ዙሪያውን ተጠምጥሞ፣ አፈሩ ጨርሶ ካልታየ ቦታ አልቆበታል። አዲስ ቅጠል የሚያወጣበት አቅም የለውም። በስለታም ቢላ ከጎንና ከታች 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ሥሩን ላጡለት። የቀረውን በጣት ፈታ ፈታ አድርጉና በአዲስ አፈር መልሳችሁ እዚያው ቫዞ ውስጥ ትከሉት። በደንብ አጠጡትና አንድ ሁለት ሳምንት ጥላ ስር አቆዩት። አዲስ ቡቃያ እስኪታይ ማዳበሪያ አይሰጥም። ይህን በየሁለት ሦስት ዓመቱ፣ ተክሉ ማደግ ሊጀምር ሲል ብታደርጉለት በአነስተኛ ቫዞ ረጅም ዕድሜ ይኖራል። እኔ ከመቀሱ ሥራ ይልቅ ይሄኛውን አስቀድማለሁ።

ከሌላው የማይመስል ቅርንጫፍ ወጥቷል

ጽጌረዳችሁ በሌላ ተክል ሥር ላይ ተጣብቆ የተዳቀለ ከሆነ፣ ከተዳቀለበት ቦታ በታች የሚወጣው ቀንበጥ የሥረኛው ተክል ነው። አፈሩን ገለጥ አድርጋችሁ ከመነሻው ገንጥሉት፤ ከላይ ብትቆርጡት ይበዛል። ዝንጉርጉር ቅጠል ባለው ቁጥቋጦ ላይ ሙሉ በሙሉ አረንጓዴ ቅርንጫፍ ሲወጣም እንደዚሁ ከመነሻው አንሱት። አረንጓዴው ክሎሮፊል (ተክሉ በብርሃን ምግብ የሚሠራበት አረንጓዴ ቀለም) ስለሚበዛው ፈጥኖ ያድጋል፤ ከተተወ ዝንጉርጉሩን ይውጠዋል።