መኪናው ሲነሳ ካንገራገረ፦ ባትሪ ከመግዛታችሁ በፊት

ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ከእንጦጦ ጀርባ ሱሉልታ፣ ወይም በለገጣፎና በሰንዳፋ በኩል መኪናውን ደጅ የሚያሳድር ሰው ድምፁን ያውቀዋል። ቁልፉ ሲዞር ሞተሩ ፈጥኖ መሽከርከር ሲገባው «እኝ... እኝ...» እያለ በግድ ይንቀሳቀሳል። አንዳንዴ ይነሳል፣ አንዳንዴ ጎረቤት ተጠርቶ ይገፋል። የሚገፋው ሁሉ ደግሞ «ባትሪህ አልቋል» ይላል።

ልክ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ግን እንደ ዲኤክስ ኮሮላ፣ እንደ ላዳ ወይም እንደ ድሮው ሃይሉክስ ዕድሜ የጠገበ መኪና ላይ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ ከባትሪውም፣ ሞተሩን አዙሮ ከሚያስነሳው ከሞተሪኖውም አይደለም፤ በሁለቱ መካከል ካለው ገመድ፣ ከተርሚናሉ (ገመዱ ባትሪው ላይ ከሚታሰርበት መያዣ) እና ከማሳው (ኤሌክትሪኩ ከሞተሩና ከቦዲው ብረት ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ ከሚመለስበት ገመድ) ነው። አዲስ ባትሪ ሲገባ ችግሩ ለጊዜው የሚደበቀው ጉልበት ያለው ባትሪ በመጥፎ ገመድም ቢሆን ስለሚገፋ ነው። ብርዱ ሲመጣ ይመለሳል።

«መብራቱ ደምቆ ይበራል፣ ጥሩምባውም ይጮኻል፣ ገመዱ ምን ይሆናል?» የሚል አለ። መብራት የሚወስደው ጥቂት አምፔር ነው። የአነስተኛ ቤንዚን ሞተር ሞተሪኖ ግን ከ100 እስከ 200 አምፔር ይስባል፣ የናፍጣው ከዚያም ይበልጣል። 150 አምፔር በሚያልፍበት መንገድ ላይ 0.01 ኦም ብቻ የሆነች እንቅፋት 1.5 ቮልት ትበላለች። መብራቱ ይህን አይሰማውም፣ ሞተሪኖው ግን ይሰማዋል።

ከመጀመራችሁ በፊት ማርሹን ፍሪ አድርጉ፣ የእጅ ፍሬን ያዙ፣ ቀለበትና ሰዓት አውልቁ። ባትሪ አጠገብ ሲጋራ አይጨስም፤ ከባትሪው የሚወጣው ጋዝ ይፈነዳል። ልኬቱ ሞተሩ ሳይነሳ እንዲዞር ስለሚፈልግ፣ በቤንዚን መኪና ለካንዴላዎቹ እሳት የሚሰጠው ኮይል ላይ ያለውን ቀጭን የፖዘቲቭ ሽቦ ነቅላችሁ ብረት እንዳይነካ አድርጉት። በናፍጣ ደግሞ ፓምፑ ላይ ያለውን የናፍጣ መዝጊያ ሽቦ ንቀሉ። አንድ የቮልት መለኪያ ቴስተርና ቁልፍ የሚያዞርላችሁ ሰው ይበቃል።

ጠዋት ብቻ የሚያንገራግር ከሆነ

እዚህ ላይ በእርግጥ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ባትሪው ነው። ሌሊቱን ካደረ በኋላ፣ ምንም ነገር ሳይበራ ለኩት። 12.6 ቮልት ካሳየ ሙሉ ነው፣ 12.4 ሦስት አራተኛ ያህል፣ 12.2 ግማሽ፣ ከ12 በታች ከሆነ ባዶ ሊሆን ነው። ጎዶሎ ከሆነ ቻርጅ ሳይደረግ የሚቀጥለው ምርመራ ሁሉ ያሳስታል።

ከዚያ ቴስተሩ ባትሪው ላይ እንዳለ ቁልፉ ይዙር። ቮልቱ ከ9.6 በታች መውረድ የለበትም። ሙሉ የነበረው ባትሪ ወደ 8 ወይም 7 ከወረደ፣ አንድም ባትሪው ደክሟል፣ አንድም ሞተሪኖው ከልክ በላይ እየሳበ ነው። ሌላ ደህና ባትሪ ተውሳችሁ ብታስሩበት ይለይላችኋል። ነገር ግን ሞተሩ እያንገራገረ ቮልቱ 11 ላይ ከቆየ ባትሪውን ተዉት። ጉልበቱ እያለው መድረሻ አጥቷል ማለት ነው።

ባትሪው በተደጋጋሚ ጎዶሎ እየሆነ የሚያድር ከሆነ፣ ሽቦዎቹን መልሳችሁ ሞተሩ ተነስቶ ነዳጅ ትንሽ ተሰጥቶት ለኩ። ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት ካልታየ ወይ ባትሪውን ቻርጅ የሚያደርገው ዲናሞ ደክሟል ወይ እሱን የሚያዞረው ቺንጋ ላልቷል። ከቱሉ ዲምቱ ተነስቶ በክረምት መብራትና ዝናብ መጥረጊያ አብርቶ በትራፊክ የሚንፏቀቅ አሮጌ መኪና፣ ዲናሞው ደህና እንኳ ቢሆን የወሰደውን ሳይመልስ ቤቱ ሊገባ ይችላል።

ዘይቱንም አትርሱ። ጭስ ለመደበቅ ተብሎ ወፍራም ዘይት፣ በላዩም ማወፈሪያ የተጨመረበት ሞተር፣ በብርድ ጠዋት ማንኛውንም ሞተሪኖ ያደክማል። ቀን የማይታይ፣ ጠዋት ብቻ የሚመጣ ስንፍና አንዱ ምንጩ ይሄ ነው።

ባትሪው ደህና፣ ሞተሩ ግን ሰነፍ

አብዛኛው አሮጌ መኪና የሚገኘው እዚህ ነው። ቴስተሩን በ20 ቮልት ላይ አድርጉና አንዱን ጫፍ የባትሪው ኔጌቲቭ ምሰሶ ላይ አሳርፉ፤ መያዣው ላይ ሳይሆን ምሰሶው ራሱ ላይ። ሌላውን ጫፍ ቀለምና ዘይት የሌለበት የሞተሩ ብረት ላይ። ቁልፉ ሲዞር የምታዩት በመንገድ የጠፋውን ቮልት ነው። 0.2 አካባቢ ከሆነ ይሁን፤ ከ0.3 ካለፈ ማሳው ተበላሽቷል። በፖዘቲቩ በኩልም እንዲሁ፣ ከባትሪው ምሰሶ እስከ ሞተሪኖው ወፍራም ቡሎን ድረስ ለኩ። ከ0.5 መብለጥ የለበትም። ካለፈ መለኪያውን ደረጃ በደረጃ አቅርቡት፦ ከምሰሶው እስከ መያዣው፣ ከመያዣው እስከ ገመዱ ጫፍ። ቁጥሩ የዘለለበት ቦታ ጥፋቱ ነው።

ቴስተር የሌለው፣ ከሌላ መኪና ባትሪ ጋር የሚያገናኝ ወፍራም ገመድ ካለው ይበቃዋል። ከባትሪው ኔጌቲቭ ወደ ሞተሩ ብረት አንዱን ገመድ እሰሩና አስነሱ። ድንገት ከፈጠነ ማሳው ነው፣ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም።

ማሳ ለምን ይበላሻል? መንገዳችን አንድ ምክንያት ነው፤ ኮረኮንቹና ጭቃው ከታች ያለውን ሽቦ ይበላዋል። የባሰው ግን ጋራዥ ነው። ሞተር ወይም ካምቢዮ ወርዶ ሲመለስ ሞተሩን ከቦዲ የሚያገናኘው ገመድ ሳይታሰር ይቀራል። አንዳንዱም ቀለም በተቀባ ብረት ላይ ይታሰራል። መኪናው ይነሳል፣ ስለዚህ ማንም አያይም። ኤሌክትሪኩ ግን ሌላ መመለሻ ይፈልግና በነዳጅ መስጫ ሽቦ ወይም በማርሽ ዘንግ በኩል ይሄዳል። ቁልፍ ሲዞር የነዳጅ መስጫው ሽቦ ከሞቀ ወይም ከጨሰ ሌላ ቦታ አትፈልጉ።

መፍትሄው ርካሽ ነው። ሶማሌ ተራ ጫፉ የተሠራለት ወፍራም የማሳ ገመድ ይገኛል፤ ውፍረቱ ከባትሪው ዋና ገመድ እንዳያንስ። የሚታሰርበትን ብረት እስኪያበራ ድረስ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጉ፣ ቡሎኑን አጥብቁ፣ ግራሶ ከላይ ቀቡ። ግራሶው ከታሰረ በኋላ እንጂ ከመታሰሩ በፊት አይደለም።

ተርሚናሉ ላይ ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት ካለ መጀመሪያ ኔጌቲቩን ፍቱ (ሲመለስ የመጨረሻው እሱ ነው)፣ ሙቅ ውሃ ከቤኪንግ ሶዳ ጋር አፍስሱበት፣ ወደ ባትሪው ቀዳዳ እንዳይገባ ተጠንቀቁ፣ ከዚያ በሽቦ ብሩሽ አጽዱ። መያዣው ሲላላ ምስማር ወይም ቆርቆሮ የሚሸጉጥ አለ። ለአንድ ሳምንት ያገለግላል፣ ከዚያ ብሶበት ይመጣል። መያዣውን ቀይሩት፤ ከባትሪ ዋጋ ጋር የሚነጻጸር አይደለም።

ገመዱ ላስቲኩ ውስጥ የበሰበሰም ይኖራል። ሞተሩን ጥቂት ሰከንድ ካዞራችሁ በኋላ በእጃችሁ ዳብሱት። ከሌላው ለይቶ የሞቀ ቦታ ካለ መቆረጥ ያለበት እዚያ ነው።

ሞተሪኖው ራሱ

ገመዱ ሁሉ ደህና ሆኖ ስንፍናው ካልጠፋ ሞተሪኖው ይወርዳል። ኤሌክትሪኩን ወደሚሽከረከረው ክፍል የሚያደርሰው ካርቦን ሲያልቅ ይደክማል፤ በመዶሻ እጀታ ቀስ ብለው ሲመቱት የሚነሳ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ካርቦኑ ነው። የዚህን ክፍል ዘንግ የሚይዘው ቡሽ ሲበላ ደግሞ ክፍሉ ግድግዳውን ይታከካል፤ ሲሞቅ ይብስበታል፣ የተቃጠለም ይሸታል። ካርቦን ብቻ ቀይሮ የሚመልስ ባለሙያ ግማሽ ሥራ ሠርቷል፤ ቡሹንም አብሮ እንዲያይ ጠይቁት።

«ቀጭ» ብሎ አንዴ ጮኾ ጭራሽ የማይዞረው ሌላ ነው። በብዙ ቶዮታዎች ላይ ሶሎኖይዱ (ሞተሪኖው ላይ ያለው ማብሪያ) ውስጥ ያሉት የመዳብ መገናኛዎች ሲበሉ እንዲህ ያደርጋል፤ መዳቡ ብቻ ይቀየራል። «ጠክ ጠክ ጠክ» እያለ በፍጥነት የሚደጋግም ከሆነ ግን ወደ ባትሪውና ተርሚናሉ ተመለሱ።

ያገለገለ ሞተሪኖ ስትገዙ ሻጩ ጠረጴዛ ላይ አስሮ ያሽከረክርላችኋል። አትመኑት። ሸክም የሌለበት ሞተሪኖ ሁሉ ጎበዝ ነው። መኪናው ላይ ታስሮ ካልሠራ መመለስ እንደሚቻል ቀድማችሁ ተስማሙ።

ሞተሩ ከከበደ

ይህ ጥቂት ጊዜ ነው የሚያጋጥመው። ቺንጋውን አውልቃችሁ አስነሱ፤ ከፈጠነ የዲናሞው ወይም የውሃ ፓምፑ ኩሽኔታ ይዟል። ሲሞቅ ብቻ መልሶ የሚመታ፣ የሚገታ ዓይነት ከሆነ የእሳት ሰዓቱ (ካንዴላው እሳት የሚሰጥበት ጊዜ) ቀድሞ ሊሆን ይችላል። ውሃ የሚጎድልበት ሞተር ጠዋት ግጥም ብሎ እምቢ ካለ ግን በግድ አታዙሩት፣ አትግፉትም። ካንዴላዎቹን ፍቱና ውሃ ሲሊንደር ውስጥ ገብቶ እንደሆነ እዩ፤ ያን ጊዜ ቢገፋ ፒስተን የሚይዘው ዘንግ ይጣመማል።

እስኪጠገን ድረስ ቁልፉን ከ10 ሰከንድ በላይ አትያዙ፣ በየመሃሉም አንድ ደቂቃ አሳርፉት። ዳገት ላይ የምታድሩ ከሆነ ፊቱን ወደ ቁልቁለቱ አዙራችሁ አቁሙ፤ አውቶማቲክ ካምቢዮ ከሆነ ግን ይህም አይረዳችሁም።