የእናትን የሕይወት ታሪክ ከዱቤ ደብተሯ መጻፍ

በትንሽ ከተማ ሱቅ ከፍታ፣ በዚያው ገቢ ልጆች አሳድጋ ለእርጅና የበቃች እናት ካለቻችሁ፣ ታሪኳን ለመጻፍ «የት ተወለድሽ?» ብላችሁ አትጀምሩ። እኔ እንዲያ ጀምሬ የመጀመሪያው ቀን ባከነብኝ። እናቴ «ሠራሁ፣ አሳደግሁ፤ ሌላ ምን አለ?» ብላ ዝም አለች። በማግስቱ የድሮ የዱቤ ደብተሯን ጭኗ ላይ ሳስቀምጥላት ግን ሁለት ሰዓት ሙሉ አወራችኝ።

ስለዚህ አስቀድማችሁ ወረቀቶቹን ፈልጉ። የዱቤ ደብተር፣ ደረሰኝ፣ የባንክ ደብተር፣ የልጆች የትምህርት ውጤት በአንድ ሣጥን ተቀላቅለው ካገኛችኋቸው እንደተቀላቀሉ ፎቶግራፍ አንሷቸው። የንግዱን ለብቻ፣ የቤቱን ለብቻ ለማድረግ አትቸኩሉ፤ እሷ ሕይወቷን እንዲህ ከፍላ አልኖረችም። በሙቀት የሚታተሙ ደረሰኞች ጽሑፋቸው እየደበዘዘ ስለሚጠፋ ቅድሚያ ስጧቸው። በፎቶግራፍ ጀርባ ላይ በእስክሪብቶ አትጻፉ፤ ለስላሳ እርሳስ ተጠቀሙ፣ እሱንም ጠርዙ አካባቢ ብቻ። ስካን ስታደርጉ ለጽሑፍ 300፣ ለትንንሽ ፎቶግራፎች 600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች ውስጥ የሚነበቡ ነጥቦች ብዛት) ይበቃል።

ድምፅ ለመቅዳት ስልክ በቂ ነው። ጥሪ እንዳያቋርጣችሁ ኔትወርኩን ዝጉት፤ መጋረጃና ምንጣፍ ያለበት ክፍል ምረጡ፣ ባዶ ክፍል ድምፅ ያስተጋባል። በአንድ ጊዜ ከ90 ደቂቃ በላይ አታስቀምጧት።

አሁን ደብተሩን ክፈቱ። የምትጠይቁት ስለ ገንዘቡ ብቻ አይደለም። የእጅ ጽሑፉን ተመልከቱ። በእናቴ ደብተር ውስጥ አራት ዓይነት ጽሑፍ አለ፦ አንዱ የራሷ፣ ሦስቱ የእኛ የልጆቿ። ታላቅ ወንድሜ መደመርና መቀነስ የተማረው በዚያ ደብተር ላይ ነው፤ የተሳሳተውን ድምር በቀይ ያረመችለት ገጽ ዛሬም አለ። ባዶ ቦታ ስታገኙ ደግሞ ቁሙ። የእናቴ ደብተር ላይ ለሦስት ሳምንት ምንም ያልተጻፈበት ጊዜ አለ። «እማዬ፣ እዚህ ጋ ምን ሆነሽ ነው?» ስላት ጣቷን ገጹ ላይ አድርጋ ቆየች። ታናሽ እህቴ ታማ አልጋ ላይ የነበረችበት ወቅት ነበር። እኛ ልጆቹ ሱቁ ተዘግቶ እንደነበር እንኳ አናስታውስም።

ዓመተ ምሕረት ካላስታወሰች አታስጨንቋት። «ይህን ስትጽፊ እቅፍሽ ውስጥ የነበረው የትኛው ልጅ ነው?» ብላችሁ ጠይቋት። እናት ዘመንን በልጆቿ ትቆጥራለች፤ የልደት ቀኖቹን እናንተ ታውቃላችሁና ዓመቱን ከዚያ ታገኙታላችሁ። ዝም ስትል ደግሞ ቶሎ ሌላ ጥያቄ አታቅርቡ። ለእኔ ከሁሉ የከበደኝ ይህ ነበር፤ ከሁሉ የበለጠውን ያገኘሁትም ከዝምታው በኋላ ነው።

አንድ ነገር አደራ እላለሁ። በደብተሩ ውስጥ የሰው ዕዳ አለ። ያ ምስጢር የእናንተ አይደለም፤ በቤተሰብ መካከል ለሚነበብ ጽሑፍም ቢሆን የባለ ዕዳዎቹን ስም አትጻፉ።

የአንድ ሰዓት የድምፅ ቅጂ ወደ ጽሑፍ ለመገልበጥ ከአራት ሰዓት ያላነሰ ይወስዳል፤ ለእህት ወንድም አካፍሉት። ሁሉንም በሦስት ቅጂ አስቀምጡ፣ አንዱ ከቤት ውጭ ይሁን።

ረቂቁን ስትጨርሱ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡላት። እኔ ሳነብላት ሳይከፈል ስለቀረ አንድ ዕዳ የጻፍኩት ጋ ስደርስ አስቆመችኝ። «ተከፍሏል» አለች። ደብተሩ ላይ አለመሰረዙን ሳሳያት፣ ባለ ዕዳዋ እህቴ በታመመችባቸው ሌሊቶች እየመጣች አብራት ስታስታምም እንደምታድር ነገረችኝ። «እሷ ናት እኮ ያስተኛችኝ» አለች።

እንዲህ ያለ እርማት ሲመጣ ደብተሩን አትንኩት። ገጹ እንዳለ ይቆይ፤ ቃሏን ከነቀኑ በሌላ ወረቀት ጽፋችሁ ከጎኑ አኑሩት።