«ቲቸር፣ ጋፕ አገኘሁ!»

የመመረቂያ ጽሑፍ ሰሞን ሲደርስ አንድ ነገር መስማት ያስፈራኛል። «ቲቸር፣ በርዕሴ ላይ የተሠራ ጥናት የለም። ጋፕ አገኘሁ!» ባለፈው ፒያሳ ካፌ ቁጭ ብለን ይህን ያለችኝ የጤና ተማሪ ናት። ርዕሷ ለእርሻ ሥራ ወደ መተማ የሚወርዱ ሠራተኞችና ካላዛር የሚባለው በሽታ ነው። «እስቲ እንዴት እንደፈለግሽ አሳይኝ» አልኳት። ላፕቶፗን አዞረችልኝ። የጥናት ጽሑፍ መፈለጊያው ጉግል ስኮላር ላይ ርዕሷን እንዳለ ለጥፋዋለች፤ ከነ«ፕሪቫለንስ ኤንድ አሶሼትድ ፋክተርስ»ው፣ ከነ«ኖርዝዌስት ኢትዮጵያ»ው፣ ያውም በትምህርተ ጥቅስ ውስጥ። መጨረሻው ላይ 2016 ዓ.ም. ሳይቀር አለ።

ኧረ በፈጠራችሁ! መፈለጊያው እኮ ገና ያልተጻፈውን የእናንተኑ ወረቀት ነው የሚያስሰው። ጥቅስ ውስጥ የገባ ነገር ቃል በቃል ካልተገኘ ባዶ ይመጣል። ደግሞ ዓመቱን የውጭ መፈለጊያ በፈረንጅ ነው የሚያነበው፤ ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ወሰዳችሁ ማለት ነው።

ርዕሱን በትኑት። እዚህ ያለው ሦስት ነገር ነው፦ በሽታው፣ ሰዎቹ፣ ቦታው። ለእያንዳንዱ ሌሎች መጠሪያዎቹን ወረቀት ላይ ጻፉ። ካላዛርን ተመራማሪዎች «ቪሴራል ሊሽማኒያሲስ» ይሉታል። ሠራተኛውን አንዱ «ሲዝናል»፣ ሌላው «ማይግራንት»፣ ሌላው «ዴይሊ ሌበረር» ብሎ ይጽፈዋል። ሌበር ራሱ በአሜሪካና በእንግሊዝ አጻጻፍ ይለያያል። ተመሳሳዮቹን በትልልቅ የእንግሊዝኛ ፊደል በተጻፈ «ኦር» (OR፣ «ወይም» ማለት ነው) አያይዟቸው። እኛም እንደዚያ አደረግን። ስክሪኑ በጥናት ሞላ። ልጅቷ አኮረፈች፤ ማኪያቶ ጋበዝኳት።

እኔም ንጹሕ አይደለሁም። አንዱን ልጅ «ስለ ጎንደር ውኃ የተጻፈ የለም» ብዬ ርዕስ አስቀይሬዋለሁ። የፈለግኩት በአንድ ስፔሊንግ ብቻ ነበር። ከተማችን በላቲን ፊደል ስትጻፍ ከ«ዲ» ቀጥሎ አንዱ «ኤ» ያደርጋል፣ ሌላው «ኢ»። ልጁ ተመርቆ ከሄደ በኋላ በሁለተኛው ስፈልግ ወረቀቱ ተደርድሮ አገኘሁት። እስካሁን አልነገርኩትም። በአማርኛም ያው ነው፤ «ጎንደር»ንም «ጐንደር»ንም ሞክሩ።

የሰው ስምም ጉድ ያደርጋል። የአበበ ከበደን ጽሑፍ የውጭ ዳታቤዝ «ከበደ» ብሎ ነው የሚያስቀምጠው፤ አባትየው ጸሐፊ ሆነው ቁጭ። አንዳንዴ ደግሞ ይገለበጣል። ሁለቱንም ሞክሩ።

ወረቀቱን ለማንበብ ዶላር ክፈሉ ሲላችሁ ወዲያው አትዝጉ። ጉግል ስኮላር ላይ ከውጤቱ ሥር ያለውን «ኦል ቨርዥንስ» ንኩት፤ ነጻው ቅጂ ብዙ ጊዜ እዚያ ተደብቋል። ለጤና ተማሪዎች ሂናሪ የሚባል የጥናት መጽሔቶች ማንበቢያ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ከአሳታሚዎች ጋር ሆኖ በ2002 እንደ ፈረንጆቹ የጀመረው፣ አቅም ላነሳቸው አገሮች የተከፈተ ነው። ተቋማችሁ ከተመዘገበ መግቢያውን የላይብረሪ ሠራተኞቹን ጠይቁ። አይቆጡም።

ቻትጂፒቲ የሰጣችሁን ሪፈረንስ ደግሞ ፈልጋችሁ ሳታገኙት አታስገቡ። በዚህ ላይ ከዚህ በላይ ብናገር ደሜ ይፈላል።

ልጅቷ በሳምንቷ ተመልሳ መጣች። በፍላሽ ሙሉ ፒዲኤፍ ይዛለች።

«ጎበዝ! አነበብሻቸው?»

«አብስትራክታቸውን፣ ቲቸር።»