የብረት ብስክሌት ሰፊ ጎማ እንዲይዝ ቴላዮውን እንዴት ማስተካከል ይቻላል

ባሕር ዳር ሜዳ ስለሆነች ለብስክሌት የተፈጠረች ከተማ ናት ይባላል። እንዲህ የሚል ሰው ከአስፋልቱ ወርዶ ሰፈር ውስጥ ባለው ኮብልስቶን ላይ በቀጭን ጎማ ሄዶ አያውቅም። የእኔ ብስክሌት ለሩጫ የተሠራ አሮጌ ብረት ነው፤ ጎማው 25 ሚሊ ሜትር ነበር። ከገበያ እንቁላል ይዤ በተመለስሁ ቁጥር ግማሹን ለድመት እሰጥ ነበር። ሲመረኝ 35 ሚሊ ሜትር ጎማ ገዛሁ፤ ልገጥመው ስል ግን የኋላው ግራና ቀኝ ቱቦዎቹን ፈትጎ አልዞር አለ። መላው ጎማው የሚነካውን የቱቦ ጎን ጨምቆ ጎድጎድ ማድረግ፣ ማለትም መጎርጎድ ነው። ያንን ጥቂት ሚሊ ሜትር ለማግኘት አንድ ሙሉ ቴላዮ፣ ማለትም የብስክሌት አጽም፣ አበላሽቻለሁ። ሁለተኛው ግን ይኸው ሦስተኛ ክረምቱን ይዟል።

ቃላቱን እንግባባ። ከፔዳሉ ሥር ተነሥተው ወደ ኋላ ጎማ የሚሄዱትን ሁለት ቱቦዎች የታች ክንድ፣ ከኮርቻው ሥር የሚወርዱትን የላይ ክንድ እላቸዋለሁ። ሞዞው፣ ማለትም የጎማው እምብርት፣ የሚቀመጥበት ቦታ ጆሮ ነው።

ቴላዮው ብረት ነው?

ማግኔት ያስጠጉ። ካልያዘ እዚህ ላይ ያቁሙ፤ አሉሚኒየም ሲጨመቅ ይሰነጠቃል። ማግኔት ቢይዝም በቴላዮው ላይ ሬይኖልድስ 753 ወይም 853 የሚል ምልክት ካለ አይንኩት፤ በሙቀት የተጠናከረ ስስ ብረት ስለሆነ መጎርጎድን አይወድም። ሰው የሚንቀው ከባዱ ተራ ብረት ለዚህ ሥራ ከሁሉም ይሻላል፤ ግድግዳው ወፍራም ነው፣ ታጋሽም ነው።

የጎማውን ቁጥር ያንብቡ

ሻጩ «28 ነው» ቢልዎት አይመኑት። 28 ኢንች ተብለው የሚሸጡ ጎማዎች የተለያየ ልክ አላቸው፤ አንዱ ዲያሜትሩ 622 ሚሊ ሜትር በሆነ ቸርኬ ላይ ይገባል፣ ሌላው 635 ላይ። 27 የሚባለው ደግሞ 630 ነው። ትክክለኛው ልክ ጎማው ጎን ላይ በሰረዝ ተለይቶ ተጽፏል። 35-622 ካለ ስፋቱ 35፣ የሚገባበት ቸርኬ 622 ነው።

35 የተባለውም ሁልጊዜ 35 አይሆንም። ሰፋ ባለ ቸርኬ ላይ ያው ጎማ ይሰፋል፤ አዲስ ጎማ ደግሞ ተነፍቶ ሲያድር ይለጠጣል። ስለዚህ ነፍተው አንድ ቀን ያሳድሩትና በማግሥቱ በካሊፐር ይለኩ።

የት እንደሚነካ ይፈልጉ

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይቸኩላል። ጎማው በሦስት ቦታ ሊጋጭ ይችላል፤ ከታች ክንዶች ጋር፣ ከላይ ክንዶች ጋር፣ ወይም ከአናቱ ላይ ፍሬኑ ከታሰረበት አግዳሚ ጋር። የሚጋጨው ከአግዳሚው ጋር ከሆነ ቱቦ መጎርጎድ ምንም አይፈይድም፤ ችግሩ የቁመት ነው። ያኔ የሚያዋጣው ቸርኬውን ወደ 584 መቀየር ነው፤ የ27.5 ተራራ ብስክሌት ቸርኬ ማለት ነው። ከ622 ጋር ያለው ልዩነት 38 ሚሊ ሜትር ስለሆነ በራዲየስ 19 ዝቅ ይላል። 42 ሚሊ ሜትር ጎማ ሲያስገቡበት ቁመቱ ከድሮው 25 ጎማ ጋር ሊተካከል ምንም አይቀረውም፤ ፔዳሉም መሬት አይነካም። ነገር ግን የፍሬኑ ክንድ ያንን 19 ሚሊ ሜትር ወርዶ ቸርኬውን መድረስ አለበት፤ አብዛኛው የሩጫ ብስክሌት ፍሬን አይደርስም። ወደ 26 ቀይረው የሚሉ ወዳጆች አይጠፉም። የ26 ቸርኬ 559 ስለሆነ ልዩነቱ ከ31 ሚሊ ሜትር ይበልጣል፤ ፍሬን አልባ ለመሆን ካላሰቡ በቀር አይስሟቸው።

ግጭቱ ከታች ክንዶች ጋር ብቻ ከሆነ፣ እንደ እኔው ማለት ነው፣ መላ አለው። የብስክሌቱ ጆሮ አግድም የተከፈተ ከሆነ አስቀድመው ጎማውን ወደ ኋላ ይሳቡት። አንድ ሳንቲ ሜትር ከሳቡት በየጎኑ አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ በነጻ ያገኛሉ፤ ካቴናው ግን ሊያጥር ይችላል። ጆሮዎቹን ከ126 ወደ 130 ሚሊ ሜትር መክፈት የሚሉት ሌላ ሥራ ነው። እሱ ለሰፊ ሞዞ እንጂ ለሰፊ ጎማ አይደለም፤ ጎማው በሚነካበት ቦታ ክንዶቹን እምብዛም አያራርቅም።

ጎማው መሐል ላይ ነው?

የመጀመሪያው ቴላዮዬ ጥፋት የጀመረው እዚህ ነው። በግራ በኩል ጠባብ ሆኖ ስላየሁት ግራውን ክንድ አብዝቼ ጎረጎድሁት። ኋላ ላይ እንደታየው ክንዱ ምንም አላጠፋም፤ ራጂዎቹ እኩል ስላልተወጠሩ ቸርኬው ራሱ ወደ ግራ ተስቦ ነበር።

ስለዚህ ካቴናውን አውርደው ጎማውን ያውጡና ግራውን ወደ ቀኝ ገልብጠው መልሰው ይግጠሙት። ጠባቡ ጎን አብሮ ከዞረ ጥፋቱ የጎማው ነው፤ ራጂ የሚያስተካክል ሰው ጋር ይውሰዱት። ጠባቡ ጎን እዚያው ከቀረ ቴላዮው ጠማማ ነው። ይህንንም በሲባጎ ማረጋገጥ ይቻላል። ከአንዱ ጆሮ አስረው በመሪው ቱቦ ያዙሩና ወደ ሌላኛው ጆሮ መልሰው ይወጥሩት፤ ከዚያ ሲባጎው በግራና በቀኝ ከኮርቻው ቱቦ የሚርቀውን ይለኩ። ሁለቱ እኩል መሆን አለባቸው።

መጎርጎድ

የሚያስፈልገው ሞርሳ፣ የወይራ ቁራጭ እና ወፍራም ድቡልቡል የብረት ዘንግ ነው። መዶሻ አያስፈልግም። መዶሻ ይዞ የመጣ ጓደኛ ካለዎት ቡና እንዲያፈላ ይላኩት። በኦክሲጅን እሳት አሙቄ ልጫንልህ የሚል በያጅ ደግሞ ከዚያ ግቢ ሳይወጡ ብስክሌትዎን ይቀበሉት። እሳቱ ብረቱን ያለሰልሳል፣ መጋጠሚያዎቹንም ሊፈታ ይችላል።

ወይራው ለምን አስፈለገ? ቱቦ በሁለት ጠፍጣፋ የሞርሳ መንጋጋ መሐል ሲጨመቅ ከሁለቱም ጎን ይደፈጠጣል። እኛ የምንፈልገው የውስጡ ጎን ብቻ ገባ እንዲል፣ የውጩ ግን ቅርጹን እንዲይዝ ነው። ስለዚህ ወይራውን በቱቦው ውፍረት ልክ ይብሱና በቀዳዳው መሐል ለሁለት ይሰንጥቁት። ግማሹ ለቱቦው ጀርባ እንደ አልጋ ይሆናል። ቱቦው ሞላላ ከሆነ እንጨቱን በሞረድ እያስተካከሉ ልክክ እስኪል ድረስ ይሥሩት፤ እኔን ግማሽ ቀን ፈጅቶብኛል።

ብረቱ ቢያንስ 40 ሚሊ ሜትር ውፍረት ይኑረው። የእኔ ከጋራዥ የተጣለ የከባድ መኪና ፒስተን ፒን ነው። ሙሉው ከሞርሳው መንጋጋ ጋር በሁለቱ ክንዶች መሐል ስለማይገባ በቁመቱ ለሁለት አስቆረጥሁት። መጀመሪያ ጊዜ የተጠቀምሁት 12 ሚሊ ሜትር ፌሮ ነበር፤ ያለ እንጨት። ፌሮው ቱቦውን እንደ ቢላዋ ነው የገባበት። ጉድጓዱ አጭርና ስለታም ሆነ፣ ጠርዙም ተጨማደደ። አንድ ክረምት ነዳሁት። በኋላ ፔዳል በረገጥሁ ቁጥር ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ድምፅ መጣ። ፔዳሉ መስሎኝ ኩሽኔታ ቀየርሁ፣ ግሪስ ቀባሁ፤ ድምፁ አልጠፋም። አንድ ቀን ብስክሌቱን ሳጥብ ጉድጓዱ ጠርዝ ላይ ቀለሙን ሰንጥቃ የወጣች እንደ ፀጉር የቀጠነች የዝገት መስመር አየሁ። በጥፍሬ ስነካት ተከፈተች። ያ ቴላዮ አሁን የእናቴ ዶሮዎች ቆጥ ነው።

የሚፈለገው የማንኪያ ሆድ የመሰለ ረጋ ያለ ጉድጓድ ነው። ጎማው ተገጥሞ ሳለ በጣም የሚሰፋበትን ቦታ በሁለቱም ክንዶች ላይ በጠመኔ ምልክት ያድርጉ። ምልክቱ ከፔዳሉ መጋጠሚያ ብየዳ ከሦስት ሳንቲ ሜትር በታች ከቀረበ ይተዉት። ከዚያ ጎማውን አውጥተው በጆሮዎቹ መሐል ባዶ ሞዞ አስገብተው በዳዶ ያጥብቁ፤ ክንዶቹ ሲጨመቁ እንዳይጠጉ ይይዛቸዋል። ቀለሙ እንዳይላጥ ከብረቱ ሥር የአሮጌ ከመነዳሪ ቁራጭ ያድርጉ። ድቡልቡሉ ብረት ከቱቦው ጋር መስቀል ሠርቶ ይቀመጥ።

አሁን ሞርሳውን ሩብ ዙር ያጥብቁ፣ ይፍቱ፣ ይለኩ። እንደገና ሩብ ዙር። ብረት ሲለቁት ትንሽ ስለሚመለስ መጀመሪያ ላይ ምንም ያልሆነ ይመስላል፤ በድንገት ደግሞ መግባት ይጀምራል። ያኔ እጅዎን ያዝ ያድርጉ። በየጎኑ ሦስት ሚሊ ሜትር በቂ ነው፤ እኔ ከዚያ አላለፍሁም። የበለጠ ካስፈለገ የተመረጠው ጎማ ነው ትልቅ የሆነው። አንዱን ክንድ ጨርሰው ወደ ሌላው ከመሄድ እየተፈራረቁ መሥራት ይሻላል።

ከዚያ በኋላ

ጎማውን ሲገጥሙ በየጎኑ ቢያንስ አራት ሚሊ ሜትር ክፍተት ይኑር። አንድ ራጂ ቢበጠስ ቸርኬው ይወላገዳል፤ ክፍተት ከሌለ ጎማው ክንዱ ላይ ተጣብቆ ይቆማል። በክረምት ዋልካ ጭቃ ውስጥ የሚነዳ ሰው ስድስት ቢያገኝ ይሻለዋል። የተላጠውን ቀለም በብርጭቆ ወረቀት አለስልሰው ጸረ ዝገት ይቀቡ።

ጎሚስታ ጋር ሲሄዱ ንፋሱን ራስዎ ይዘዙ። በቀጭኑ ጎማ ልማድ ሰባት ባር ከሞላልዎት ይህ ሁሉ ድካም ከንቱ ነው። ለ35 ጎማ እንደ ክብደትዎ ከ3 እስከ 4 ባር ይበቃል።

በየወሩ ጉድጓዶቹን በደረቅ ጨርቅ ወልውለው በባትሪ ብርሃን ይዩአቸው፤ የምትፈለገው ያቺ ቀጭን መስመር ናት።

የፊቱን ሹካ ግን አልነካሁትም። የኋላ ክንድ ቢሰነጠቅ ቀጭ ቀጭ እያለ ያስጠነቅቃል፤ ሹካ ሲሰበር ግን በፊት ለፊት ነው የሚተክለው። የእኔ ሹካ ሳይነካ 32 ስለያዘ ከፊት 32፣ ከኋላ 35 አድርጌ እነዳለሁ። እንቁላሉን ከኋላ ነው የምጭነው።