የአማርኛ ፎንት ስትጭኑ የሚሰሩ ስህተቶች

ጅማ ዩኒቨርሲቲ አካባቢም ሆነ መርካቶ ያሉት ፕሪንት ቤቶች በምርቃት ሰሞን ግቡና እዩ፣ ፍላሽ ይዞ መጥቶ ፋይሉ ሲከፈት ፅሁፉ ሳጥን ሳጥን የሆነበት ወይ ገፁ የተዛነፈበትና "እቤት እኮ ደህና ነበር" የሚል ተማሪ አይጠፋም። እውነቱን ነው፣ እቤት ደህና ነበር። ጣጣው የፎንት ነው፣ በቀላሉ የሚቀር ነገር ስለሆነ ደግሞ ያሳዝነኛል።

ትልቁ ስህተት ፎንት ማለት አንድ ፋይል ነው ብሎ ማሰብ ነው። ፎንት ፋሚሊ ውስጥ ሬጉላሩ (መደበኛው)፣ ቦልዱ (ወፍራሙ)፣ አንዳንዴም ላይቱና (ቀጭኑና) ብላኩ (በጣም ወፍራሙ) በየራሳቸው ፋይል ነው ያሉት፣ ስማቸው ብቻ ነው አንድ። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የሚባለውን ፎንት አውርዳችሁ ሬጉላሩን ብቻ ጭናችሁ ቦልድ ስትሉት ዎርድ የለኝም አይላችሁም፣ ያንኑ ሬጉላር አወፍሮ የውሸት ቦልድ ይሰራላችኋል። የኛ ፊደል ላይ ይሄ ጉድ ነው፣ ጬን በ10 ፖይንት እንደዛ ፕሪንት አድርጋችሁ እዩት፣ በእግሮቹ መሃል ያለው ክፍተት ተደፍኖ ከጨ ለመለየት ትቸገራላችሁ። ኒያላና አቢሲኒካ ኤስአይኤል የሚባሉት ፎንቶች ደግሞ ጭራሽ ቦልድ የላቸውም፣ ሬጉላር ብቻ ናቸው፣ ስለዚህ ርእስ እንዲጎላ ከፈለጋችሁ መጠኑን ጨምሩ ወይ ርእሱን ብቻ በኖቶ ቦልድ ስሩት።

ዚፑን ሳይፈቱ ከውስጡ መጫንም አለ፣ መጀመሪያ ኤክስትራክት አድርጉ። ኖቶን ስትፈቱ ቫሪያብል የሚባል (ሁሉንም ውፍረት በአንድ የያዘ) ፋይልና ስታቲክ የሚል (እያንዳንዱ ውፍረት ለብቻው ፋይል የሆነበት) ፎልደር አብረው ከመጡ ለዎርድ ስታቲኩን ብቻ ጫኑ፣ ሁለቱንም ከጫናችሁ ስሙ እየተደጋገመ ግራ ያጋባችኋል።

አሁን ወደ ድሮዎቹ ፎንቶች እንምጣ፣ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይጎዳል። የግእዝ ፊደል ዩኒኮድ (ለየፊደሉ የራሱን ቁጥር የሚሰጥ፣ ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚግባቡበት ስርአት) ውስጥ የገባው በ1999 (በፈረንጆቹ) ነው፣ ከዛ በፊት የተሰሩት እንደ ቪዥዋል ግእዝ አይነቶቹ የኛን ፊደል በላቲን ፊደሎች ቦታ ላይ ነበር የሚያስቀምጡት። ስለዚህ ፎንቱ የሌለበት ኮምፒውተር ላይ ፅሁፉ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደልና ምልክት ይሆናል። ጅማ ላይ ደግሞ ደብዳቤው ግማሹ አማርኛ ግማሹ አፋን ኦሮሞ ነው፣ ሰውየው ኮንትሮል ኤ ብሎ ሙሉውን ወደ ድሮው ፎንት ሲቀይረው ቁቤው በሙሉ የተዘበራረቀ ግእዝ ሆኖ ቁጭ ይላል። አዲስ ስራ በነዚህ አትጀምሩ፣ የድሮ ፋይል ካላችሁም ፎንቱን መቀየር ብቻ አያድነውም፣ በመቀየሪያ ፕሮግራም ወደ ዩኒኮድ መቀየር አለበት።

ሌላው፣ ዊንዶውስ 10 ላይ ኢንስቶል ስትሉ ብዙውን ጊዜ የሚጫነው ለናንተ አካውንት ብቻ ነው። የቢሮ ወይ የላብ ኮምፒውተር ከሆነ በቀኝ ክሊክ ኢንስቶል ፎር ኦል ዩዘርስ የሚለውን ምረጡ። ከዛ ዎርድን ዘግታችሁ ክፈቱት፣ ፎንቱ አልመጣም ብሎ ደጋግሞ መጫን ምንም አይጠቅምም።

የመጨረሻው ፎንቱን እቤት ትቶ ፋይሉን ብቻ ይዞ መሄድ ነው። ዊንዶውስ 7 ላይ በኒያላ የፃፋችሁት ዊንዶውስ 10 ላይ ሲከፈት፣ ኒያላ እዛ ላይ አብሮ ስለማይመጣ፣ ኤብሪማ በሚባለው የዊንዶውስ ፎንት ይተካና መስመሩ ሁሉ ይገፋል፣ ማውጫችሁ ላይ ያለው የገፅ ቁጥርም ከገፁ ጋር አይገጥምም። ዎርድ ላይ ፋይል፣ ኦፕሽንስ፣ ሴቭ ገብታችሁ ኢምቤድ ፎንትስ (ፎንቱን ፋይሉ ውስጥ የሚከተው) የሚለውን ምልክት አድርጉበት፣ ፒዲኤፉንም አብራችሁ አውጡ፣ ምክንያቱም አንድ ፊደል ማረም ቢያስፈልግ ዎርዱ ይሻላል፣ ለማተም ግን ፒዲኤፉ። ከቤት ሳትወጡ ፒዲኤፉን በአክሮባት ከፍታችሁ ፕሮፐርቲስ ውስጥ ፎንትስ የሚለውን እዩ፣ ከየፎንቱ ስም አጠገብ ኢምቤድድ የሚል ከሌለ እንደገና አውጡት።